የሰባት ነፍስ ካርድ

በእሪ በከንቱ ቁልቁለት፣ ከቀበሌው ሱቅ በራፍ፣
ከሰው ቀድሞ ድንጋይ ነበር ሌሊቱን የሚሰለፍ።
ጠፍጣፋው ድንጋይ የእኛ ነው፤ የተሸረፈው የእነ ሽቱ፤
ክዳን የሌለው ድስት ደግሞ የሃምሳ አለቃ ሀብቱ።
በሰዓት እላፊ ሰው አይወጣ፤ ድንጋይን ማን ሊነካ?
ጎህ ሲቀድ ባለቤት መጥቶ ራሱን እስኪተካ።
ሃምሳ አለቃ፦ «ሲተርፍ ያጣላል፤ ሲያንስ ሚዛን ያስታርቃል።»
ሽቱ፦ «የሊቀመንበሩን ጓዳ ማን መዝኖት ያውቃል?»

ሚዛን የያዘው ሰውዬ፣ ስሙ ቸርነት ነው፤
«የታለ ቸርነትህ?» ሲሉት፣ «ስሜ ላይ ነው ያለቀው።»
ስኳር በወረቀት ሲያፈስ ትንፋሹን ውጦ ይይዛል፤
ቅንጣት ከባንኮኒው ብትወድቅ በጣቱ ለቅሞ ይመልሳል።
ጣቱን ግን ልሶ አያውቅም።
እኛ ልጆች ጠብቀነዋል፤ አንድ ቀንም አልላሰም።

ካርዳችን ላይ በሰማያዊ፦ «የቤተሰብ ብዛት፣ ሰባት»፤
እናት፣ አባት፣ እኛ አራት፣
ሰባተኛው ፋንታሁን ነው፣ በሐምሌ ዝናብ አፍሰው የወሰዱት።
ሁለት ዓመት ደብዳቤ የለም፤ ስኳሩ ግን አልቀረም፤
የፋንታሁን ፋንታ ወሩን ጠብቆ ቤት ሳይገባ አያድርም።
እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ከሣጥን ግርጌ ታኖራለች፤
«ሲመጣ ይጠጣበታል» ትላለች።
እኛ ከረሜላ ለሁለት ሰብረን፣ ከምላስ ሥር ሸጉጠን፣
ባዶ ሻይ በላዩ ላይ፣ ቀስ ብለን፣ ቀስ ብለን።

ቸርነት ያውቅ ነበር። ሰፈሩም።
በክራንች የተመለሰ ልጅ ነግሯቸዋል።
ግን መርዶ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱን የሚቆርጥ ጠፋ።
«ሰባት!» ይላል ቸርነት፣ ሚዛኑ ላይ እንዳቀረቀረ፤
«ሰባት» ትላለች እናቴ፣
እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ።

ጥር ላይ ሽቱ ወለደች። ጨቅላውን በጋቢ ጠቅልላ
«አንድ ነፍስ ጨምርልኝ» አለች፣ ከሰልፉ መሃል ብቅ ብላ።
ቸርነት መዝገቡን ገለጠ፤ ዘጋ፤ ደግሞ ገለጠ፤
«ኮታው ሞልቷል» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ፤
«ሰው ካልጎደለ ሰው አይጨመርም።»

ሰልፉ ዝም።
እናቴ ከኋላ ወጣች፤ «ተራሽን ጠብቂ» ያላት የለም።
ካርዱን ዘረጋች። «ቀንስ።»
«ማንን?»
አልመለሰችም። አውራ ጣቷን ሰባቱ ላይ አሳረፈች፤
የሰፈሩ ስም እሪ በከንቱ ነው፤ እሷ ግን እሪ አላለች።
ስድስት አስመዝና ዳገቱን ወጣች።

ማታውን ቋጠሮው ተፈታ። የሁለት ዓመት ስኳር
እርጥበት ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤
ሰልፍ ላይ እንደምናኖረው ያለ፣ ጠፍጣፋ።
በዘነዘና ሰበረችው፤ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ሻይ አፈላች፤
ለአዛውንት አንድ ማንኪያ፣ ለሕፃን አንድ ማንኪያ፤ ለማንም አላዳላች።
ቸርነት ከብርጭቆው ሥር የቀረውን
በጣቱ ጠረገ፤
ላሰው።

ዛሬ ቁልቁለቱ የለም፤ ፈርሶ፣ ተነጥፎ፣ መብራት በቅሎበታል።
አራት ኪሎ፣ የቤንዚን ሰልፍ ውስጥ ነኝ፤ ሾፌሩ መሪውን ይደበድባል።
«ስድስት ሰዓት ተሰልፈህ፣ ሃያ ሊትር ብቻ!
ራሽን ድሮም ነበር እንዴ?»
«ነበር» አልኩት። ሽቱን ይመስላል፤ አፍንጫው፣ ቅንድቡ።
«ምትኩ እባላለሁ» አለኝ፤ «ስሜ ግን ይገርመኛል፤
ለእናቴ የመጀመሪያ ልጇ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የሞተባት የለም፤
የማን ምትክ እንደሆንኩ ስጠይቃት፣ ነግራኝ አታውቅም።»

አፌ ላይ አንድ ማንኪያ የምታህል ነገር መጣች።
ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ተንቀሳቀሰ፤
እኛም አንድ መኪና ያህል ተጠጋን።